ሳይረን ሲጮህ እናቶቻችንን ማን ይነግራቸዋል? (የፒከሪንጉ ክር፣ ከመነሻው እስከ መልስ 47)

በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ያለው ይህ የውይይት ክር 47 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገባ ሰው ከየት ጀምሮ እንደሚያነብ ግራ እየገባው ነው። የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ላስፍር። የሰዉን ጽሑፍ እንዳለ አልገለበጥኩም፤ በራሴ አነጋገር ነው። አዛብታብኛለች የሚል ካለ ቁጥሩን ጠርቶ ይውቀሰኝ።

መነሻው የእኔ ጥያቄ ነበር። የምኖረው ፒከሪንግ፣ ኦንታሪዮ ነው። ቤታችን ከኒውክሌር ኃይል ማመንጫው 3 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ባለፈው የማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲፈተሽ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ከደሴ ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴ ብቻዋን ቤት ነበረች። እንግሊዝኛ አታነብም። ሳይረኑን እንደሰማች ምድጃውን አጥፍታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፓስፖርቷን ጉያዋ ውስጥ ከትታ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆማለች። እሷ ባደገችበት አገር ሳይረን ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ከሰማይ የሚመጣ አለ ማለት ነው።

ማታ የኩሽናውን መሳቢያ ስፈትሽ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ትተውት የሄዱትን የአዮዲን ኪኒን አገኘሁ። ከ2015 ጀምሮ ከማመንጫው በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ላለ ቤት ሁሉ እየታደለ ነው፤ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ያለ ሰው ደግሞ ከጠየቀ በነፃ ይላክለታል። ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ላይ ቡና የምትጠጡ ሁሉ እዚህ ውስጥ ናችሁ። የጠየቅኩት ይህንን ነው፦ በየጊዜው የአደጋ ልምምድ ተደረገ፣ ተሳካ ሲባል እንሰማለን። ከእናንተ መካከል በአንዱ ልምምድ የተሳተፈ፣ ወይም የተሳተፈ ሰው የሚያውቅ አለ? እኛ ቤቱን ከገዛን 7 ዓመታችን ነው፤ ማንም ጠርቶን አያውቅም። ንዴት ስለነበረብኝ «ድራማ ነው» የሚል ቃልም አስገብቻለሁ። ቃሏ ኋላ ዋጋ አስከፈለችኝ።

መልስ 1 ከአጃክስ ነው፤ ጨዋ ሰው። እናቴን ሰላም በይልኝ ብሎ ጀምሮ ሳይረኑ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በረዶው ሲቀልጥና ቅጠሉ ሲረግፍ እንደሚፈተሽ፣ ቀኑም አስቀድሞ በማስታወቂያ እንደሚነገር አስረዳኝ። ልክ ነው። ማስታወቂያውን ኋላ አገኘሁት፤ እናቴ ግን ማስታወቂያ አታነብም።

መልስ 2 የአንዲት ነርስ ነው። ኪኒኑን ከመሳቢያው አውጥቼ መነካካቴን አልወደደችውም። ፖታሲየም አዮዳይድ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው አለች፦ እንቅርት የሚወጣበትን የታይሮይድ ዕጢ በደህናው አዮዲን ቀድሞ ይሞላና ሬዲዮአክቲቭ የሆነው አዮዲን ሲመጣ ቦታ ያሳጣዋል። ለሌላው የሰውነት ክፍል፣ ሲዚየም ለሚባለው ሌላ ሬዲዮአክቲቭ ነገር፣ ከውጭ ለሚመታ ጨረራ ምንም አይፈይድም። የሚዋጠውም ዋጡ ሲባል ነው፤ ከመጋለጥ ጥቂት ሰዓት ቀድሞ ወይም ወዲያው። ለአዋቂ 130 ሚሊግራም፣ ከ3 እስከ 18 ዓመት 65፣ ከወር እስከ 3 ዓመት 32፣ ለአራስ 16።

መልስ 3 ላይ አንድ አባት ታዲያ ለጥንቃቄ ለልጆች በየወሩ አንዳንድ ብንሰጥስ ብሎ ጠየቀ። ነርሷ በመልስ 4 ስትመለስ ትሕትናዋ ቀንሶ ነበር። ኪኒኑ ከረሜላ እንዳልሆነ፣ ያለ ትእዛዝ ደጋግሞ መውሰድ የሕፃን ዕጢ ሊያዛባ እንደሚችል፣ ፋርማሲ የሚሸጠው የቁስል አዮዲንም እንደማይጠጣ ቁልጭ አድርጋ ጻፈች። ጨውም አይሆንም፤ በ2011 ቻይና ውስጥ ሰው አዮዲን ያለበትን ጨው ከየሱቁ ጠራርጎ ገዝቶ ምንም አላተረፈም። ኪኒኑ በወቅቱ ሲሰጥ ግን ቁም ነገር ነው አለች። በ1986 ከቼርኖቤል ማመንጫ አደጋ በኋላ ፖላንድ በጥቂት ቀናት ውስጥ 18 ሚሊዮን ያህል ሰው አዋጠች፤ ከዚህ ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ የሆኑት ልጆች ነበሩ። በቤላሩስና በዩክሬን ግን የተበከለ ወተት የጠጡ ብዙ ልጆች ኋላ የታይሮይድ ካንሰር ያዛቸው። አባትየው አመስግኖ ወጣ።

ክሩ ቁም ነገር የያዘው ከመልስ 5 ነው። ጸሐፊው በማመንጫ ውስጥ በጨረራ ጥበቃ ክፍል የሠራ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህ «የውስጥ ሰው» ብለን ጠርተነዋል። «ድራማ» ያልኩት ቃል ሳያስቀይመው አልቀረም፤ ግን ታግሶ አስረዳኝ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሠራተኞች ቁርጥ የዋናውን ክፍል በሚመስል ማስመሰያ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሲለማመዱ ይኖራሉ። ትልልቆቹ ልምምዶች ደግሞ ሌላ ናቸው። በግንቦት 2014 (በፈረንጅ) ዳርሊንግተን በሚባለው ሌላው የኦንታሪዮ ማመንጫ ላይ ሦስት ቀን የፈጀና ከ50 በላይ መሥሪያ ቤቶች የገቡበት ልምምድ ተደረገ፤ በታኅሣሥ 2017 እዚሁ ፒከሪንግ። ታሪኩን፣ ማለትም ምን ይሰበራል፣ መቼ ይፈሳል የሚለውን፣ ተለማማጮቹ አያውቁትም። የሚያውቁት ተቆጣጣሪዎቹ ብቻ ናቸው፤ ሰደርያ ለብሰው ጥግ ይዘው ይቆማሉ። በቦታው እውነተኛ ጨረራ ስለሌለ መለኪያው ዜሮ ያሳያል፤ ቁጥሩን በወረቀት የሚያቀብልህ ተቆጣጣሪው ነው። ስልክ ሲደወል መጀመሪያም መጨረሻም «ይህ ልምምድ ነው» ይባላል። የሚመዘነው ደቂቃ ነው፤ ማን ለማን ደወለ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀበት።

ነዋሪውን የማያንቀሳቅሱበትንም ምክንያት ነገረኝ። ሰው ማንቀሳቀስ ራሱ ይገድላል። በ2011 ጃፓን ፉኩሺማ ላይ አደጋ ሲደርስ ከማመንጫው አጠገብ ከነበረው የፉታባ ሆስፒታል አልጋ ቁራኛ ሽማግሌዎችን በአውቶቡስ ጭነው ሰዓታት ሲያንከራትቱ በመንገድና በመጠለያ ከ40 የማያንሱ ሰዎች ሞተዋል፤ የገደላቸውም ጨረራ አይደለም። ለልምምድ ሲባል ሕዝብ ማውጣት ማለት በሌለ አደጋ ሰው መጉዳት ነው አለ።

ይህ አሳመነኝ፣ ግን ግማሹን ብቻ። ከዘረዘራቸው ሁሉ ደዋዮቹን አየሁ፤ የሚደወልለት ሰው በልምምዱ ውስጥ የለም። ስልኩ የሚያልቀው ከአንድ መሥሪያ ቤት ሌላ መሥሪያ ቤት ላይ ነው።

መልስ 6 ጠብ ነው። ቤት ሻጭ ይመስለኛል። አንቺ የምትኖሪበትን ሰፈር ስም እያጠፋሽ ነው፣ ሰው ከፈራ የቤት ዋጋ ይወርዳል፣ እናትሽን ራስሽ ማስተማር ሲገባሽ መንግሥት ላይ ታላክኪያለሽ አለኝ። መልስ 7 የእኔ ነው፤ አላሳጥረውም፣ አልደግመውምም። አስተዳዳሪው ሁለት ዐረፍተ ነገር ቆርጦበታል።

በመልስ 8 የኒውዮርክ ሰው ገብቶ የሎንግ አይላንዱን የሾርሃም ማመንጫ አስታወሰን። ልምምድ ድራማ ነው ለምትሉ፣ ልምምድ እንቢ በማለት ብቻ አንድ ማመንጫ ሞቷል አለ። በ1983 የሰፎክ አውራጃ ምክር ቤት ደሴቲቱ ጠባብ ናት፣ ሕዝቡን በሰላም ማውጣት አይቻልም ብሎ ከዕቅዱ ወጣ። ኩባንያው በራሱ ሠራተኞች ሊለማመድ ሞከረ፤ ፖሊሱና የአውራጃው ሹም በሌሉበት የሚደረግ ልምምድ ግን ሙሽራ የሌለበት ሠርግ ሆነ። 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀው ማመንጫ ከሙከራ ሳያልፍ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ለገበያ መብራት ሳያመነጭ፣ በ1 ዶላር ተሸጦ ተዘጋ። እኔ ስለዚህ ነገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወረቀት ላይ ያለ ዕቅድ ያን ያህል ክብደት ካለው የእኛ ስም ወረቀቱ ላይ አለመኖሩ ጭራሽ ይገርማል።

መልስ 9 የአውቶቡስ ሾፌሩ ነው፤ ለጥያቄዬ በቀጥታ አዎ ያለ የመጀመሪያው ሰው። ሜሪላንድ፣ ካልቨርት ክሊፍስ በሚባለው ማመንጫ አካባቢ የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ ሁለት ጊዜ በልምምድ ገብቷል። የፌዴራል መንግሥት መዛኝ መጥቶ መንገድህ የቱ ነው፣ ተማሪዎቹን የት ታደርሳለህ፣ ይህ የጨረራ መለኪያ ስንት ሲያሳይ ትደውላለህ እያለ ጠየቀው። ተማሪ አልጫነም፤ ባዶ አውቶቡስ ነድቶ መልስ ሰጥቶ ቡና ጠጥቶ ተመለሰ። አንድ ነገር ግን ሲያሳስበው ኖሯል። ወላጆቹን አግኝቶ ሲጠይቃቸው አውቶቡሱን እንጠብቃለን ያለው አንድም አልነበረም፤ ሁሉም መኪናዬን አስነስቼ ልጄን አመጣለሁ ነው ያለው። ታዲያ የእኔ አውቶቡስ በየት በኩል ያልፋል ሲል ጨረሰ። ቀጥሎም በ1979 የስሪ ማይል አይላንድ ማመንጫ አደጋ ሲደርስበት መንግሥት 140,000 ሰው ማስወጣቱን ጨመረ።

መልስ 10 አረመው፤ እርማቱም ከስሕተቱ በላይ ጠቃሚ ነው። አደጋው የደረሰው መጋቢት 28 (በፈረንጅ) ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የፔንሲልቬንያ አገረ ገዥ የመከረው በ8 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ነፍሰ ጡሮችና ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት ብቻ እንዲወጡ ነው። 140,000 ያህል ሰው የወጣው በገዛ እግሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ የ16 ኪሎ ሜትሩ የዕቅድ ክልልና በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው ትልቅ ልምምድ ግዴታ የሆነው ከዚያ በኋላ መሆኑንም ጠቀሰ። ሾፌሩ ይቅርታ ጠየቀ። አሁንም የሚጨንቀው ያው መንገዱ ነው።

መልስ 11 ጃፓን ተምሮ የመጣ ልጅ ነው፤ ክሩ ውስጥ ካነበብኩት ሁሉ ይኸኛው ከአእምሮዬ አልወጣም። ኒጋታ አውራጃ በ2007 የምድር መንቀጥቀጥ የካሺዋዛኪ ካሪዋን ማመንጫ አናውጦ ትራንስፎርመር አቃጥሎ ነበር። ስለዚህ በ2010 አውራጃው የምድር መንቀጥቀጥና የኒውክሌር አደጋ አብረው ቢመጡ ብሎ ልምምድ አዘጋጀ። የአገሪቱ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግን ይህ ሕዝቡ ላይ አላስፈላጊ ጭንቀትና የተሳሳተ ግንዛቤ ይፈጥራል ብሎ መከረ። አውራጃው የምድር መንቀጥቀጡን አውጥቶ በከባድ በረዶ ተካው። በዓመቱ መጋቢት 11 ቀን 2011 (በፈረንጅ) መንቀጥቀጡ፣ ማዕበሉና ኒውክሌሩ አንድ ላይ መጡ። ከፉኩሺማ ማመንጫ 5 ኪሎ ሜትር ላይ የነበረው የአደጋ ማስተባበሪያ ማዕከል መብራትና ስልክ ተቋርጦበት፣ ጨረራው በርትቶበት፣ ከአራት ቀን በኋላ ጥለውት ወጡ። በየልምምዱ ሲሰበሰቡበት የኖሩት ሕንፃ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለው ተረታችን ለልምምድ አዘጋጆች ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ጥሩ ነበር ሲል ቀለደ። ነርሷም ከእንቅርቱ ጋር መገጣጠሙ ደስ ብሏት መጣች።

ከመልስ 12 እስከ 19 ያለው የዚያች እሑድ ወሬ ነው። እዚህ ላሉት ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሌሎቹ ግን ጥር 12 ቀን 2020 (በእኛ ጥር 3 ቀን 2012) ገና ባለፈ በአምስተኛው ቀን፣ በፈረንጅ 7፡23፣ በእኛ ከጠዋቱ 1፡23 ላይ፣ የኦንታሪዮ ሕዝብ ስልክ በሙሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። በፒከሪንግ ማመንጫ አንድ ክስተት ተዘግቧል፣ ያልተለመደ የጨረራ ፍሳሽ የለም፣ ለጊዜው ምንም ማድረግ አያስፈልጋችሁም የሚል መልእክት ነበር። በዚያ ሰዓት ከእኛ ሰው ብዙው ቅዳሴ ላይ ነው።

መልስ 12 ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበረች። ድምፅ አጥፍተናል ያሉት ስልኮች ሁሉ ከየነጠላው ሥር አንድ ላይ አንባረቁ። ቄሱ አላቋረጡም። ምእመናኑ እርስ በርስ ተያዩ፤ የጠፋ ልጅ ማስታወቂያ ነው ብለው ብዙዎቹ መልሰው ከተቱት። እንግሊዝኛ የምታነብ አንዲት ልጅ ለአያቷ በጆሮዋ ነገረቻት፤ አያትየው ለጎረቤቷ፤ ወሬው የሴቶቹን ወገን ሲያዳርስ ክስተት የነበረው ፍንዳታ ሆኖ ነበር። መልስ 13 ባሏን ቀስቅሳ ልጆቹን በፒጃማ ጭና ወደ ሰሜን ነዳች፤ ስሕተት መሆኑን የሰማችው ቤንዚን ልትቀዳ ስትቆም ነው። መልስ 14 ተኝቶ አልሰማም። መልስ 15 የዩክሬኑ አውሮፕላን ቴህራን ላይ ተመቶ ከወደቀ ገና አራት ቀኑ ስለነበር ጦርነት ተጀመረ ብሎ ነው የደነገጠው። 16 እና 17 ስለዚያው አውሮፕላን ተወያዩ፤ ከርእሱ ቢወጡም ማንም አልከለከላቸውም፣ አንደኛው በአደጋው የሥራ ባልደረባ አጥቷል። 18 ቀልድ ነው። 19 ደግሞ ያን ቀን ያዘዘው ኪኒን እስካሁን ፖስታው ሳይከፈት ፍሪጅ ላይ እንዳለ ነገረን።

በመልስ 20 የውስጥ ሰው የሆነውን አብራራ። በክፍለ አገሩ የአደጋ ጊዜ ማዕከል ተረኞች ሲቀያየሩ የማስጠንቀቂያ መልእክት መላኪያውን የመፈተሽ የተለመደ ሥራ አለ። ተረኛው በመለማመጃው ውስጥ ያለ መስሎት በእውነተኛው ላከው። ስሕተቱን ወዲያው ቢያውቁትም ማስተባበያ በዚያው መንገድ መላክ ይፈቀዳል አይፈቀድም ብለው ሲጠያየቁ፣ ስሕተት ነበር የሚለው ሁለተኛው መልእክት በየስልኩ የደረሰው ከ108 ደቂቃ በኋላ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ከ32,000 በላይ ሰው ኪኒን አዘዘ፤ በሌላው ጊዜ በወር ሁለት መቶ ከሞላ ብዙ ነው።

እኔም እዚያው ሥር እስካሁን የማምንበትን ጻፍኩ፦ እኛ የተሳተፍንበት ብቸኛ ልምምድ ያ ስሕተት ነው። ሹሞቹ ሳያስቡት ሕዝቡን አስገቡበት። ወሬ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በስንት ሰው አፍ ፍንዳታ እንደሚሆን፣ ማን መኪና እንደሚያስነሳ፣ ማን እንደሚተኛ ያወቅነው በዚያ ቀን ነው። የ2014ቱም የ2017ቱም ይህን አላሳዩንም።

መልስ 21 በዚህ በጣም ተቆጣች። ልጆቿን በፒጃማ የጫነችው የ13ኛዋ እህት ናት። መንገዱ በረዶ ነበር፣ ብንገለበጥ ልምምድ ትይው ነበር ወይ አለችኝ። ደግሞም ሰው አንዴ ከተታለለ በሁለተኛው አይነሳም፤ ያ ቀን ያስተማረን ስልኩን መናቅ ነው። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም፤ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ከ22 እስከ 29 ያለውን ዝለሉት ብል ይሻላል። አንዱ በመስከረም 15 ቀን 2018 (በእኛ) ሞስኮ ላይ ኢትዮጵያና ሩሲያ ስለ ኒውክሌር ማመንጫ የተፈራረሙትን አመጣ፤ ወዲያው ክሩ ሁለት ሆነ። ሕዳሴው ከተመረቀ ወር ሳይሞላው፣ 5,150 ሜጋ ዋት ይዘን ኒውክሌር ምን ያደርግልናል ያለ አለ፤ ዝናብ ባይዘንብስ ብሎ የመለሰለት አለ፤ ከዚያ ስድብ መጣ፣ ሦስቱ ተሰረዙ። ከዚያ ሁሉ መልስ 27 ብቻ ቁም ነገር ነበረው። አዋሽ ፈንታሌ ላይ ምድር ስትንቀጠቀጥ ሰንብታ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቆ ሲወጣ ማን ቀድሞ አለማምዶት ነበር? ልምምድ የሚጀመረው ማመንጫ ሲሠራ ነው ያለው ማነው? ማንም አልመለሰለትም፤ ሌሎቹ ገና በስድብ ላይ ነበሩ።

መልስ 30 ስትመጣ ሁሉም ዝም አለ። የምትጽፈው ከአቡ ዳቢ በስተ ምዕራብ፣ ከሩዌስ ነው፤ ሰው ቤት ትሠራለች። አራቱ የባራካ ሪአክተሮች ከእሷ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። በ2021 ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ብዙ አገሮችን ያስገባው ትልቁ ልምምድ በባራካ ላይ ተመሥርቶ መደረጉን ከዚህ ክር ሰው ጠቅሶ ስላየች ነው የገባችው። ስለ ልምምዱ የምታውቀው የለም። የምታውቀው አንድ ቀን የሁሉም ስልክ ሲጮህ እመቤቲቱ ሙከራ ነው ብላ ማለፏን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያንገበግባትን ጠየቀችን፦ እውነት የሆነ ዕለት መኪናው ሰባት ሰው ይይዛል፣ እነሱ ሰባት ናቸው። ፓስፖርቴ የእነሱ ካዝና ውስጥ ነው። እኔን የሚቆጥረኝ የትኛው ወረቀት ነው?

ሁለት ቀን ማንም አልጻፈም። በ31 ነርሷ የአገሩን የአደጋ ስልክ ቁጥሮችና የኤምባሲውን አድራሻ በስልክሽ ያዢ፣ የፓስፖርትሽንም ፎቶ አንሥተሽ ለቤተሰብ ላኪ ብላ ጻፈችላት። ሌላ ምን ይባላል።

ከ32 እስከ 41 ያለው የትርጉም ክርክር ነው፤ እኔ በጣም ወድጄዋለሁ። ሾፌሩ ለእናቶቻችን መመሪያውን በአማርኛ እናዘጋጅ ብሎ ጀመረ። ገና በመጀመሪያው ቃል ተጣሉ። አንዱ «ጨረር» ይባል አለ፤ ሌላው ጨረር የፀሐይ ነው፣ አገር ቤት መሥሪያ ቤቱ ራሱ የጨረራ መከላከያ ይባል ነበር ብሎ «ጨረራ» ይሁን አለ። እናቴን ጠየቅኳት፤ ሁለቱንም አታውቅም። «የመርዝ ጭስ» እንበል ያለ ነበር፤ ወዲያው ሌላው ተቃወመ፦ ለወሎ ሰው የመርዝ ጭስ ማለት ጣልያን በአውሮፕላን የረጨው ነው፣ አያቶቻችን ሲነግሩን ያደግነው፤ ያንን የሰማች እናት ቤት ውስጥ አትቀመጥም፣ ወደ ዋሻ ነው የምትሮጠው።

ከዚያ ዋናው ዐረፍተ ነገር መጣ፤ ከቤት ሳትወጡ ቆዩ የሚለው። አንድ የተማረ ሰው «ባሉበት ይጠለሉ» ብሎ ጻፈ። አማርኛው ጥሩ ነው። ለእናቴ ሳነብላት ግን ፊቷ ተለወጠ። ለእሷ መጠለያ ማለት ቆሬም ነው፣ የ77ቱ ድርቅ ነው፣ ሰው ተሰልፎ የሚሞትበት ሜዳ ነው። በ37 ይህን ስጽፍ ጸሐፊው ሳይከራከር ሰረዘው። «ከቤት አትውጡ» ያለውም ወደቀ፤ የደርግን ዘመን ያየ ሰው ሰዓት እላፊ ታወጀ ብሎ ነው የሚሰማው። በ40 የ13ኛዋ እህት፣ ያችው የተቆጣችብኝ፣ መመሪያ ለምን ትጽፋላችሁ አለች። ለእናቴ እኔ ስደውል የምላት ይህንን ነው፦ በርና መስኮቱን ዝጊ፣ የምድጃውን ማራገቢያ አጥፊ፣ ውስጥ ቁጭ በይ፣ መልሼ እደውልልሻለሁ። ሁሉም በዚህ ተስማማ። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው የተስማማነው ብል ይሻላል።

42 እና 43 የስልክ ሰንሰለቱ ናቸው። የ14 ቤት ስልክ ተሰበሰበ፤ አንዱ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት እየደወሉ እስከ መጨረሻው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የውስጥ ሰው ሰዓት ይዞ አስጀመረን። በደንቡ መሠረት ጥሪው ሁሉ «ይህ ልምምድ ነው» ብሎ ይጀምራል።

ውጤቱ መልስ 44 ላይ ነው። 14ቱን ለማዳረስ 41 ደቂቃ ፈጀ። ሁለት ስልክ አልተነሳም። አንዲት እናት «ይህ ልምምድ ነው» የሚል ድምፅ ስትሰማ አጭበርባሪ ነው ብላ ዘግታ፣ ደጋግመው ሲደውሉ ጊዜ ልጇን ጠርታ ስድብ አሰምታለች። አንድ አባት ደግሞ መመሪያውን ሁሉ በትክክል ፈጽመው ሲያበቁ ማንም መልሶ ሳይደውልላቸው እስከ ቀትር መስኮት ዘግተው ተቀምጠዋል። የረሳቸው ሰው በ45 ይቅርታ ጠይቋል፤ ቤታቸውም ሄዶ ጉልበት ስሟል።

46 የእናቴ ነው፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስደውልላት በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች። መስኮቱን ዘጋች፣ ማራገቢያውን አጠፋች፣ በሩን ቆለፈች። ከዚያ በሩን መልሳ ከፍታ ወጣች። ጎረቤታችን አሮጊት የስሪላንካ ታሚል ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው ከእናቴ አይሻልም፣ በእጅና በሣቅ ነው የሚግባቡት፤ ቡና ሲፈላ ይመጣሉ። እናቴ በራቸውን አንኳኩታ እጃቸውን ይዛ ወደ እኛ ቤት አስገባቻቸውና እንደገና ቆለፈች። መልሼ ስደውል ከበስተጀርባ የስኒ ድምፅ ይሰማኛል።

የውስጥ ሰው እዚያው ሥር፣ ከቤት ስለወጣች በደንቡ እንደ ወደቀች ነው የሚቆጠረው አለ። ነርሷ በ47 ደንቡን ተወውና የአሮጊቷን ስልክ ዝርዝሩ ላይ እናስገባ አለች። ጠየቅኩ፤ ስልክ የላቸውም። አሁን ዝርዝሩ ላይ 15ኛ መስመር አለ። የስልኩ ቦታ ላይ «እናቴ ታንኳኳለች» ብዬ ጽፌበታለሁ።